ለስላሳው ወደ ላይ

ማክሰኞ 4

ይህ ደብተር የወንበር ልክ የምይዝበት ነው። ከፊት በኩል የሰው ሳሎን ሞልቶታል፤ ቁመት፣ ወርድ፣ የመደገፊያ ከፍታ። ከኋላ በኩል ግን ባዶ ነው፤ ዛሬ ከዚያ ጀመርኩ። የሆዴን አንድ ቦታ ካላራገፍኩት እጄ ሥራ አልይዝ ብሏል።

ልጄ ቋጥኝ ትወጣለች። እኔ ቤተ መጻሕፍት ናት ስል እሷ ከከተማው ጀርባ ያለው ሸለቆ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተለጥፋ ነው የምትውለው። ስድስት ወር ሆኗታል። ያውም ያለ ገመድ። «እማ፣ አጭር ድንጋይ እኮ ነው። ሁለት ሰው ተደራርቦ ቢቆም ነው» አለችኝ፤ ልታረጋጋኝ መሆኑ ነው። እኔ ግን ወዲያው ሁለት ሰው ተደራርቦ ቆሞ፣ ልጄ ከላይኛው ሰው አናት ላይ ስትወድቅ ታየኝ።

«ብትወድቂስ?»

«እንወድቃለን እንጂ! መውደቅማ የሥራው ግማሽ ነው። ፍራሽ ላይ ነው የምንወድቀው።»

«የማን ፍራሽ?»

«የሸረሪት።»

ሸረሪት የልጅነት ጓደኛዋ ናት፤ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራ፣ እጅና እግሯ ረጃጅም፣ ስትስቅ አፏን የምትሸፍን ልጅ። ስሙን ያወጡላት አብረዋት የሚወጡት ናቸው፤ እኔም ከነሱ ወረስኩት። አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ከሥር እጇን ዘርግታ ትቆማለች አሉ፤ ጠባቂ ይሏታል። የምትወድቀዋን ወደ ፍራሹ መሐል ትገፋለች።

ፍራሹን ሸረሪት ቤት ድረስ ሄጄ አየሁት። ሦስት የአሮጌ ፍራሽ ቁራጭ በሲባጎ ተጠፍሮ። ጨበጥ ሳደርገው እጄ ላይ ተፈረፈረ። ሃያ ሁለት ዓመት ስፖንጅ ስቆርጥ የኖርኩ ሴት፣ የገዛ ልጄ እንዲህ ያለ ጉድ ላይ ትወድቅ!

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ላይ አትወድቂም» አልኳት።

«አትውጪ ልትይኝ ነው?» ፊቷ ጠቆረ።

«ፍራሹን እኔ እመርጣለሁ አልኩ እንጂ።»

አፌን ስዘጋ ነው መፍቀዴ የገባኝ።


ሐሙስ 6

ምሳ ሰዓት፣ ሶፋ ቤት።

ራሴ ልሥራላት ብዬ ነበር። ቁርጥራጭ ስፖንጅ ሞልቷል፣ ጨርቅ አለ። ልጄ ግን እየፈራች «ለዚህ ተብሎ የተመረተ ይሻላል፤ ሸረሪትም እንደዚያ ነው የምትለው» አለችኝ። ሸረሪት! የሲባጎዋ ባለሙያ!

አናጢው ጋሼ ጉዳዩን ሰምተው ቀኑን ሙሉ ሙድ ያዙብኝ። «ሃያ ሁለት ዓመት ሰው እንዲቀመጥ ስትለፊ ኖረሽ፣ አሁን ደግሞ ሰው እንዲወድቅ ልትለፊ?» አሉ። የእንጨቱን አጽም የሚሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ሥጋውን የማለብሰው እኔ። «እጀ ወርቅ» ብለው የሚጠሩኝም እሳቸው ናቸው፤ ሲያፌዙብኝም ሲያመሰግኑኝም በዚያው ስም ነው።

ሳቅኩ። ነገር ግን መውደቅ የሚለው ቃል ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ጆሮዬ ላይ ተቀምጦ ዋለ። አንድ የክንድ መደገፊያ አጣምሜ ሰፍቼ ፈታሁት።


ቅዳሜ 8

ገዛሁ።

የስፖርት ዕቃ መደብሩ ሻጭ ሸምገል ያለ ሰው ነው፤ ራሱ ድንጋይ ሲወጣ የኖረ። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች አይዘረጉም። ሦስት ዓይነት አወጣልኝና መሬት ላይ ዘረጋቸው።

የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ በአንድ እጅ ይነሣል። አጣጥፎ ማንገት ይመቻል። ግን ቀጭን ነው፤ በክርኔ ስጫነው ወለሉን ነካሁት። ጨርቁም ስስ፣ ድንጋይ አንዴ ቢፍቀው የሚተለተል። ስፌቱን አየሁት፤ ክሩ አንድ ዙር ብቻ፣ ማንገቻው የተያያዘበት ቦታ እንኳ አልተደገመም። ይህን የሰፋ ሰው ወደ ቤቱ ሊሄድ ቸኩሎ ነበር።

ሁለተኛው ወፍራም ነው። ግን ሁለት ሰሌዳ ሆኖ መሐል ለመሐል ይታጠፋል፤ ሲዘረጋ በሁለቱ መካከል ክፍተት ይቀራል። ጣቴን ሰደድኩበት፣ እስከ አንጓዬ ገባ። «እግር እዚህ ውስጥ ቢገባስ?» አልኩት።

«ለዚህ ነው ሦስተኛውን ያመጣሁት» አለኝ።

ሦስተኛው አንድ ስንዝር ይወፍራል። መታጠፊያው ላይ ክፍተቱን የሚሸፍን ምላስ አለው። ጨርቁ ድርብ፣ ከሥሩ እርጥበት የማያስገባ፣ ማንገቻው ትከሻ የማይቆርጥ፣ ስፌቱ ሁለት ዙር። በጉልበቴ ተንበርክኬ አራቱንም ጠርዝ ፈተሽኩ፤ እንከን አጣሁለት። አንድ ነገር ብቻ። መሐሉን በመዳፌ ስጫነው ጠንካራ ነው። ቁጭ አልኩበት። ጣውላ!

«ይሄ ጠንካራ ነው» አልኩት።

«ላይ ላዩን ነው እህቴ። ላይኛው...»

«ወንድሜ፣ ስፖንጅ አያስተምሩኝ። ሙያዬ ነው። የትኛውንም ፍራሽ በመዳፌ አውቃለሁ።»

«ፍራሽ እኮ አይደለም እሱ» አለኝ እየሳቀ። «እኛ ማረፊያ ነው የምንለው።»

«ሰው የሚያርፍበት ሁሉ ፍራሽ ነው» ብዬ ዘጋሁት።

ሦስተኛውን ያጥፍልኝ ጀመር። ትሁት ሰው ነው፤ ገዢ ሲናገር ያዳምጣል። ልጄ በደስታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አውቶቡስ ውስጥ ፍራሹን እንደ ሰው ወንበር ላይ አስቀምጠን እኛ ቆምን፤ ቲኬት ቆራጩ «ለሦስተኛዋም ይከፈላል» አለን።


እሑድ 9

ልጄ ልብስ ስታጥብ ፍራሹን ጓዳ ወስጄ በጎን በኩል ስፌቱን ፈታሁት። ማየት ብቻ ነበር የፈለግኩት።

የጠረጠርኩት አልቀረም። ውስጡ ሁለት ዓይነት ስፖንጅ አለ። አንደኛው ሦስት ጣት የሚሆን፣ ደረቅ፣ ጫማ ሶል የሚመስል። ሌላው ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ሲጫኑት ቀስ ብሎ የሚመለስ፣ ምርጥ ዕቃ። እነዚህ ሰዎች ደረቁን ከላይ፣ ለስላሳውን ከሥር አድርገውታል! በቃ ገልብጠውታል። ያን ሁሉ ጥሩ ስፌት የሰፋ ፋብሪካ ይህን ሲሳሳት የሚያይ ሰው አልነበረም?

የሙያችን የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ናት። ደረቁ ከሥር ይሸከማል፣ ለስላሳው ከላይ ይቀበላል። እኔን ያሠለጠኑኝ ሴትዮ ሌላው ሁሉ ቢጠፋሽ ይቺ አትጥፋሽ ይሉ ነበር፤ ለስላሳው ወደ ላይ።

የሁለቱንም ሰሌዳ ስፖንጅ አውጥቼ አቃናሁት። ከዚያ በስውር ስፌት መልሼ ዘጋሁት። የኔን ስውር ስፌት የሚያገኝ ዓይን እስከዛሬ አልተፈጠረም። እንደጨረስኩ ጋደም አልኩበት፤ ወገቤ ደስ አለው። አሁን የልጄን አጥንት አደራ ልሰጠው እችላለሁ።

አልነገርኳትም። «ነካክተሽ አበላሸሽው» እንዳትለኝ ነው።


ቅዳሜ 15

ከሸለቆው በሰላም ተመለሱ። ልጄ ፊቷ አቧራ ብቻ። «እማ፣ አልጋ ነው በይው! መውደቅ አማረኝ» አለች። ደስታዬን ዋጥ አድርጌ ሽንኩርት መክተፌን ቀጠልኩ።

ሸረሪት በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ አንድ ነገር ልትል ፈልጋ እጇን ታፍተለትላለች። «እትዬ፣ ጥሩ ነው ፍራሹ። ግን ትንሽ አልለሰለሰም? ስቆምበት እግሬ ይገባል...»

«ለስላሳ መሆኑ ጥፋት ሆነ እንግዲህ» አልኳት። «አንቺ ሲባጎ ለምደሽ ነው።»

ልጄ ሳቀች። ሸረሪትም አፏን ሸፍና ሳቀች። እኔ ግን ቀልዴ ከመጠን አልፎ እንደሆነ አላውቅም፤ ልጅቷ ሳትቀመጥ ሄደች።


ማክሰኞ 18

ዝናቡ ሳይገባ ሦስት ቅዳሜ ነው የቀራቸው አሉ። ልጄ አንድ ድንጋይ ላይ ጥርሷን ነክሳለች፤ ጫፉ ድረስ ደርሳ ነው የምትመለሰው። በእንቅልፏ ጣቶቿን ስታኮማትር አየኋት።


ቅዳሜ 22

ሆስፒታል። ኮሪደር። እስክሪብቶውን ከነርሷ ተዋስኩ።

ቁርጭምጭሚቷ። ሁለት ቦታ። ብረት ይገባበታል።

ጫፉ ላይ ደርሳ እጇ ከዳት። ፍራሹ ላይ ነው የወደቀችው። ፍራሹ ላይ! እግሯ ወደ ውስጥ ዞረ።

ስትጮህ አልሰማሁም እኔ። ሸረሪት ናት የሰማችው። ሸረሪት ጀርባዋ ላይ አዝላት መንገድ ድረስ አውጥታታለች።

ኮሪደሩ ላይ አገኘኋትና «እጅሽ የት ነበር?» አልኳት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። «እትዬ፣ ዘርግቼ ነበር...» አለች። «ብትዘረጊማ ኖሮ!» አልኩ። ለምን እንደጮህኩ አላውቅም። አውቃለሁ። ልጄ ናት።

ሐኪሙ እስካሁን አልወጣም።


እሑድ 23

ቀዶ ጥገናው በደህና አለቀ። ልጄ ማደንዘዣው ለቋት ስትነቃ የመጀመሪያ ቃሏ «ዋጠኝ» ነበር። «ምኑ?» ስላት «ፍራሹ። እግሬ ገባ፣ ገባ፣ ከዚያ ዞረ።»

ትንሽ ቆይታ ደግሞ ሌላ ነገር አሰበች። «መታጠፊያው ላይ ነው የወደቅሁት መሰለኝ። ሸረሪት ፍራሹን ወደ ቀኝ ሳብ ማድረግ ነበረባት። ሳብ አድርጊው ብያት ነበር።»

እንደዚያ ነው እንጂ። መታጠፊያው ነው። ምላሱ ተነሥቶ ይሆናል፣ ጠባቂዋም ችላ ብላ ይሆናል። «እኔም እንደሱ ነው የጠረጠርኩት» አልኳት።

ቀለል አለኝ፤ ለምን እንደቀለለኝ መመርመር አልፈለግኩም። ሸረሪት ብርቱካን ይዛ መጣች። ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ብርቱካኑን እኔ ተቀበልኩና ደክሟታል አልኩ።


ሐሙስ 27

ዛሬ መደብሩ ሄድኩ። ልጮህበት ነበር የሄድኩት፤ ሌሊቱን ሙሉ የምለውን ስደረድር አድሬ። ይህን የመሰለ ዋጋ ተከፍሎ የልጄ እግር ተሰበረ፣ ፋብሪካችሁ ስፖንጅ ገልብጦ ነው የሚሸጠው፣ እኔ ባላቃናው ኖሮ ደግሞ ይብስ ነበር። እዚህ ላይ ስደርስ ግን ሁልጊዜ ይደናቀፍብኝ ነበር።

ሻጩ ጩኸቴን እስክጨርስ አዳመጠኝ፤ ማቃናቴን ግን አልነገርኩትም። ስለ ልጄ ከልቡ አዘነ። ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር ለደንበኛ ማሳያ ከመሐል የተቆረጠ ቁራጭ አወጣና ፊቴ አስቀመጠው። ውስጡ ይታያል፤ ቀጭኑ ደረቅ ከላይ፣ ወፍራሙ ለስላሳ ከሥር።

«ይሄንን ያን ቀን ላሳይዎት ነበር» አለኝ። ክፉ ድምፅ አልነበረውም። «ሰው ከላይ ሲወርድ ክብደቱ ሁሉ እግሩ ላይ ነው። ደረቁ ያን ክብደት ዳር እስከ ዳር ይበትነዋል፤ ከዚያ ለስላሳው ይቀበለዋል። ለስላሳው ከላይ ቢሆን እግር ብቻውን ይሰምጣል፣ ገላ ደግሞ ወደፊት ይሄዳል። ቁርጭምጭሚት ይዞራል። ለመተኛት ሌላ ነው፤ ሰው ሲተኛ በሙሉ ገላው ነው። ለዚህ ነው ፍራሽ አይበሉት ያልኩት።»

አንድ ጊዜ በጡጫው መታው። ቁራጩ ንቅንቅ አላለም። ገለበጠውና መልሶ መታው። እጁ እስከ አንጓው ገባ።

«የእርስዎ እንዴት ነው የነበረው?» አለኝ። «ይምጣና እንየው። ተገልብጦ የተሰፋ ከሆነ ፋብሪካውን እጠይቃለሁ፤ እስከዛሬ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም።»

«አይ፣ እንደዚህ ነው» አልኩት። «ልክ እንደዚህ ነው የነበረው።»

የወጣሁበትን በር አላስታውሰውም። አንድ ፌርማታ አልፌ ነው የወረድኩት።


ዓርብ 28

ምንም አልጽፍም ዛሬ።


እሑድ 30

ልጄን ነገ ከሆስፒታል ያስወጡልኛል። ቤት ማጽዳት አለብኝ፣ አልጋዋን ወደ መስኮቱ ማዞር አለብኝ፣ ክራንች መግዛት አለብኝ።

ፍራሹን ሸረሪት እኛ ግቢ ውስጥ ትታው ነበር። ጓዳ አስገባሁት። ስፌቱን ፈታሁ፣ ደረቁን ወደ ላይ መለስኩት፣ ሰፋሁት። እንዲህ ማድረጌ ነገ ሌላ ሰው እንዳይጎዳበት ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ክሩን ከሌላው ክር ጋር እንዲመሳሰል በአቧራ አሸሁት። ይህን ለምን አደረግኩት?


ረቡዕ 3

ሸረሪት መጣች። ልጄ ተኝታ ነበር፤ ተኝታ መስላም ይሆናል። «ፍራሹን ላየው እችላለሁ እትዬ?» አለችኝ። ከሳታ ነበር። ምን ብዬ እምቢ ልበላት?

ግቢ ውስጥ ዘረጋችው። መጀመሪያ በእጇ እያንዳንዱን ስፌት ዳሰሰች፤ ዙሪያውን በሙሉ። የኔ ስፌት ላይ ደረሰች። አለፈችው። ከዚያ አጥሩ ላይ ወጣችና ዘለለች። ተነሥታ መታጠፊያው ላይ ዘለለች። ጠርዙ ላይ ዘለለች። በአንድ እግሯ ዘለለች። እኔ መስኮቱ ላይ ቆሜ ነበር፤ መጋረጃውን ይዤ። አሥራ አንድ ጊዜ።

ጨርሳ ፍራሹ ላይ ቁጭ አለች። ብዙ ቆየች። ወጥቼ አጠገቧ ቆምኩ።

«ምንም አልሆነም እሱ» አለችኝ ቀና ሳትል። «መታጠፊያውም ጋ አይሰምጥም። ያን ቀን የለሰለሰ መስሎኝ ነበር እኮ፤ ለእርስዎም ነግሬዎት ነበር። ለካ ጠንካራ ነው። ከራሴ ፈጥሬ ነው እንግዲህ።» ከዚያ እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው፤ እንደሰው ዕቃ። «እኔ ነኝ እትዬ። ዘግይቼ ነው የዘረጋሁት። እኔ ነኝ የሰበርኳት።»

አፌን ከፈትኩ። እግዜር ይመስክርብኝ፣ ከፍቼ ነበር። የወጣው ግን «አይዞሽ፣ የደረሰ ደርሷል» የሚል ነው።

እጄን ይዛ ሳመችው።


ቅዳሜ 6

ሸረሪት የመውጫ ጫማዋን ለሰው ሰጠች አሉ። ልጄ ነገሩን ሰምታ «ይሻላታል» አለች፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ማንንም አላናገረችም። እነዚህ ልጆች ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ወንበር ነው የተቀመጡት።

ማድረግ ያለብኝን አውቀዋለሁ። ቁጭ ብዬ ስፌት ስሰፋ አውቀዋለሁ፣ ቆሜ ዕቃ ሳጥብ አውቀዋለሁ። ልጄ ፊቷን ወደኔ ስታዞር ነው የሚጠፋኝ።


ማክሰኞ 9

ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ ዛሬ ለባለቤቱ ልንልክ ነበር። ጋሼ ቁጭ ብለው ሞከሩት። ሲነሡ «እጀ ወርቅ፣ አንዱ መቀመጫ ከሌላው ይዘቅጣል» አሉኝ። ሳቅ አልነበረም ፊታቸው ላይ። ፈትቼ ሳየው አንደኛውን መቀመጫ በደረቅ፣ ሌላውን በለስላሳ ሞልቼዋለሁ። እጄ የትኛው የቱ እንደሆነ መለየት ትቷል።

«ምን ሆነሻል?» አሉኝ።

«ልጄ ታማለች» አልኩ።

«ልጅሽማ እየዳነች ነው ብለሽኛል። እኔ ስላንቺ ነው የጠየቅሁት።»

ወደ መጸዳጃ ቤት ሄጄ ውኃ ከፍቼ አለቀስኩ። ስመለስ መቀመጫውን ራሳቸው ፈትተው ጠብቀውኛል፤ ሌላ ምንም አልጠየቁኝም።


ሐሙስ 11

ዛሬ ልጄ በክራንች እስከ ወጥ ቤት መጣች። ሽንኩርት ልላጥልሽ ብላ ተቀመጠች። ደስ ብሏት ነበር፤ ሐኪሙ ከመንፈቅ በኋላ መውጣት ትችያለሽ ብሏታል።

«ግን ከሸረሪት ጋር አልወጣም» አለች። «ማንንም አላምንም ከእንግዲህ። ስድን አብረሽኝ ትመጫለሽ። ፍራሹንም አንቺ ትመርጪልኛለሽ፣ ከሥርም አንቺ ትቆሚልኛለሽ። እማ፣ ያንቺ እጅ ተሳስቶ አያውቅም።»

ሽንኩርቱ ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግኩ።

ልክ ነሽ በይኝ ብላ የምትጠብቅ መሰለኝ። የድስቱን ክዳን አነሣሁ፣ መለስኩት። ጨው ሁለት ጊዜ ጨመርኩ። ከዚህ በላይ አልችልም። ሰው በልጁ አፍ ሲመሰገን እንዲህ እንደሚያመው አላውቅም ነበር።


ቅዳሜ 13

ነገርኳት።

ጠዋት ነበር። እግሯን ትራስ ላይ አሳርፋ ትጽፍ ነበር። ቁጭ ብል እንደምተወው ስለማውቅ ቆሜ ነው የተናገርኩት። ፍራሹን ገዝተን በነጋታው ፈታሁት፣ ገለበጥኩት፣ ሰፋሁት። ከወደቅሽ በኋላ ደግሞ ፈታሁት፣ መለስኩት፣ ሰፋሁት። ከሁለት ሳምንት በላይ ያንገላታኝ ነገር ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም።

መጀመሪያ አልገባትም። «ምኑን ነው የገለበጥሽው?»

«ስፖንጁን። ደረቁ ከላይ መሆን ነበረበት። እኔ እንደ መኝታ ፍራሽ አየሁት። አላውቅም ነበር ልጄ።»

«አለማወቅሽን ተይው» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ስህተት መሆኑን መጀመሪያ የሰማሽው መቼ ነው?»

«ሻጩ ነው የነገረኝ። ከሆስፒታል ሳትወጪ።»

«ስለዚህ ሸረሪት መጥታ ስትዘል ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«እያየሻት ነበር?»

«መስኮቱ ላይ ነበርኩ።»

«ስንት ጊዜ ዘለለች?»

«አሥራ አንድ።»

«ቆጥረሻል እንግዲህ» አለች።

ይቅርታ በይኝ ብዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተንበረከክሁ። እጄን አልገፋችውም፣ አልያዘችውምም። «እኔን እሷ ይቅር ካለችሽ በኋላ ጠይቂኝ» አለችኝ። «እኔማ የሰበርሽብኝ አጥንት ነው። ሐኪም ገጥሞታል።»

ከዚያ ስልኳን አንሥታ ሸረሪት ጋ ደወለች። ሲነሣ ስልኩን ወደኔ ዘረጋችው። «አንቺ ንገሪያት።»

ድጋሚ ተናገርኩት፤ ያንኑ ግማሽ ደቂቃ። በስልኩ ውስጥ የፎቶ ኮፒው ማሽን ወረቀት ሲተፋ ይሰማኛል፤ አንድ፣ አንድ፣ አንድ። ቆመ።

«ታዲያ እኔ አልነበርኩም?» አለች ሸረሪት።

«አንቺ አልነበርሽም።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ... ደረጃ ላይ ሰው ከፊቴ ሲወጣ እቆማለሁ እኮ። እስኪጨርስ ቆሜ ነው የምጠብቀው። ቢወድቅ የምይዘው አይመስለኝም።»

«አንቺ አልነበርሽም» የሚለውን ደገምኩት፤ ሦስቴ ነው አራቴ። ልጄ አልጋው ላይ ሆና «በያት፣ ነይ በያት» እያለች እጄን ትጎትታለች። ለቅሶዋን አልደበቀችም።

«ነይ» አልኳት።

ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ ሽርጧን ሳታወልቅ፣ ጣቶቿ ቀለም እንደሆኑ ሮጣ መጣች። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ያዘጋጀሁት ቃል ነበረኝ፤ ጉልበቷ ላይ ልወድቅም ነበር። አየችኝ። አላኮረፈችም፣ አልተሳደበችም። በትከሻዬ በኩል ወደ ውስጥ እያየች «የት ናት?» አለችና አልፋኝ ገባች። የክፍሉ በር ተዘጋ።

ሳሎን ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፈው። መጀመሪያ ለቅሶ ነበር፤ የሁለቱንም ለየሁት። ከዚያ ዝምታ። አሁን ይስቃሉ። ልጄ ከወደቀች ጀምሮ ሳቋን ሰምቼው አላውቅም።

ምሳ ሠርቼ በሩን አንኳኳሁ። የከፈተችው ሸረሪት ናት። ሁለቱን ሰሃን ከእጄ ተቀበለች፣ «እናመሰግናለን እትዬ» አለች፣ በእግሯ በሩን መለሰችው።

ግቢ አላሉኝም። አልገባሁም።